መስተዋት በስዊች ውስጥ፦ የመረብ ትራፊክን ከርቀት ስለ መመልከት

«ኤተር» የሚለው ስም ለፊዚክስ ተማሪ እንግዳ አይደለም። የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሊቃውንት ብርሃን ሞገድ ከሆነ የሚሞገድበት አካል ያስፈልገዋል ብለው በማመን፣ ሕዋውን ሁሉ የሞላ፣ የማይታይና የማይዳሰስ አንድ ነገር መኖር አለበት አሉ፤ ስሙንም ኤተር አሉት። አልበርት ማይክልሰንና ኤድዋርድ ሞርሊ እ.ኤ.አ. በ1887 ባደረጉት ዝነኛ ሙከራ፣ ምድር በዚህ ኤተር ውስጥ ስትጓዝ ሊፈጠር ይገባው የነበረውን የብርሃን ፍጥነት ልዩነት ፈልገው አጡት። የአንስታይን ልዩ የአንጻራዊነት ንድፈ ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1905 ከታተመ በኋላም ኤተር ቀስ በቀስ ከፊዚክስ ወጥቶ ወደ ፊዚክስ ታሪክ ተዛወረ። ስሙ ግን አልሞተም። እ.ኤ.አ. በሜይ 1973 ካሊፎርኒያ ውስጥ በዜሮክስ የፓሎ አልቶ የምርምር ማዕከል ይሠራ የነበረው ሮበርት ሜትካፍ፣ ኮምፒዩተሮችን በጋራ ገመድ ስለሚያገናኝ ሥርዓት ማስታወሻ ሲጽፍ ሁሉም የሚጋሩትን ያንን ማስተላለፊያ «ኤተር» አለው። ሥርዓቱም ኢተርኔት ተባለ። ዛሬ በቢሮዎቻችንና በቤተ ሙከራዎቻችን ግድግዳ ላይ ከተሰኩት የመረብ ገመዶች አብዛኞቹ የሚሠሩት በዚሁ ሥርዓት ነው። የአገራችን የትምህርትና የምርምር መረብ በእንግሊዝኛ የሚጠራበት አሕጽሮተ ስምም በፊደል አቀማመጡ ከዚሁ ስም ጋር አንድ መሆኑ የሚያስፈግግ ነው።

ስሙ ለቀልድ የተመረጠ ቢመስልም አካላዊ ይዘት ነበረው። የመጀመሪያው ኢተርኔት በእርግጥ የጋራ ሕዋ ነበር። በአንድ ኮአክሲያል ገመድ ላይ የተያያዙ ኮምፒዩተሮች ሁሉ አንዳቸው የላከውን መልእክት እኩል ይሰማሉ። ነገሩ የዕድር ጥሩምባን ይመስላል፤ ጥሩምባው ሲነፋ መንደሩ በሙሉ ይሰማል፣ የዕድሩ አባል የሆነው ተነሥቶ ይሄዳል፣ ያልሆነው ወደ ሥራው ይመለሳል። እ.ኤ.አ. ከ1980 በኋላ በተለመደው ደረጃ መሠረት እያንዳንዱ የመረብ ካርድ 48 ቢት ርዝመት ያለው የራሱ አድራሻ አለው። መልእክት የሚጓዘው ፍሬም ተብሎ በሚጠራ እሽግ ሲሆን፣ በእሽጉ ግንባር ላይ የተጻፈው አድራሻ የእርሱ ያልሆነ ካርድ ሰምቶ እንዳልሰማ ይተወዋል። ይህ መተው ግን የጨዋነት ጉዳይ እንጂ የተፈጥሮ ሕግ አይደለም። ካርዱን «ያለፈውን ሁሉ ተቀበል» ብሎ ማዘዝ ይቻላል፤ ያኔ አንድ ኮምፒዩተር የመንደሩን ወሬ ሁሉ ያደምጣል። ለክፉ ሰው ክፉ በር ነው፤ የመረቡን ሕመም ለሚመረምር ባለሙያ ደግሞ የሐኪም ማዳመጫ ነበር።

ይህን የጋራ ሕዋ የዘጋው ስዊች ነው። (ስዊች ሲባል መብራት የምናበራበትን ማብሪያ የሚያስታውስ አንባቢ ቢኖር አንፈርድበትም፤ ቃሉ አንድ ቢሆንም የምንናገረው ብዙ የገመድ መሰኪያዎች ወይም ፖርቶች ስላሉት የመረብ ሣጥን ነው።) ካልፓና የተባለ የካሊፎርኒያ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1990 የመጀመሪያውን የኢተርኔት ስዊች ለገበያ አቀረበ፤ ሲስኮ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1994 ካልፓናን ገዛው። የስዊች ብልሃት በቀላሉ ይነገራል። በአንድ ፖርት ፍሬም ሲገባ የላኪውን አድራሻ አንብቦ «ይህ አድራሻ ያለው በዚህ ፖርት በኩል ነው» ብሎ በሠንጠረዡ ይመዘግባል። ተቀባዩን በሠንጠረዡ ካገኘው ፍሬሙን ወደዚያ ፖርት ብቻ ይልከዋል፤ ካላገኘው ብቻ ለሁሉም ያሰራጫል። በዚህም ምክንያት ሁለት ኮምፒዩተሮች ሲነጋገሩ ሦስተኛው አይሰማም፣ መንገዱም አይጨናነቅም። ፍጥነቱም ምስጢራዊነቱም በአንድ ጊዜ ጨመረ።

ነገር ግን ማዳመጫውም አብሮ ጠፋ። የመረቡ ባለሙያ ኮምፒዩተሩን በአንድ ትርፍ ፖርት ላይ ቢሰካ የሚያየው የራሱን ትራፊክና ለሁሉም የሚሰራጨውን ጥቂት ጥሪ ብቻ ነው። መረቡ ሲታመም ሕመሙ ያለበት ቦታ ተዘግቷል። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ያንን የተዘጋ በር በሥርዓት መክፈት፣ ይልቁንም በሌላ ሕንፃ ካለ ስዊች ላይ ከርቀት መክፈት ነው።

በአንድ ቤተ ሙከራ ውስጥ የተወለደ ሙያ

መረብን ማዳመጥ ለምን እንደሚያስፈልግ የሚያስረዳ አንድ ተቋም ብንመርጥ፣ ከሎውረንስ በርክሌይ ብሔራዊ ቤተ ሙከራ የተሻለ አናገኝም። ቤተ ሙከራው የፊዚክስ ሊቃውንት ቤት ነው፤ ሳይክሎትሮንን የፈለሰፈው የኧርነስት ሎውረንስ ስም የተሰጠውም ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1986 በዚህ ቤተ ሙከራና በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ መካከል ያለው የመረጃ ፍሰት በድንገት ከ32,000 ቢት በሰከንድ ወደ 40 ቢት በሰከንድ ወረደ። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት አራት መቶ ያርድ፣ ማለትም ከ370 ሜትር ያነሰ ነው። መልእክቱን ወረቀት ላይ ጽፎ በእግር የሚሄድ ሰው መረቡን ይቀድመው ነበር። ቫን ጃኮብሰንና ባልደረባው ማይክል ካረልስ እያንዳንዱ እሽግ መቼ እንደተላከና መቼ ምላሽ እንዳገኘ በመመርመር፣ ኮምፒዩተሮቹ የጠፋባቸውን እሽግ እየደጋገሙ በመላክ ራሳቸው መንገዱን እንደሚዘጉት አሳዩ። እ.ኤ.አ. በ1988 ያሳተሙት መፍትሔ ኢንተርኔት እስከ ዛሬ ሳይታነቅ እንዲሠራ ካደረጉት ዐቢይ ምክንያቶች አንዱ ነው። ቲሲፒደምፕ የተባለው፣ በገመድ ላይ የሚያልፉ እሽጎችን እየቀዳ የሚያሳይ ፕሮግራምም በዚያው ዓመት በዚያው ቤተ ሙከራ ተወለደ። ዛሬም ተማሪዎቻችን ይጠቀሙበታል።

በዚያው በ1986 እዚያው ቤተ ሙከራ የኮምፒዩተር ክፍል ውስጥ የተመደበ ክሊፎርድ ስቶል የተባለ የሥነ ፈለክ ተመራማሪ፣ በኮምፒዩተር ሒሳብ መዝገብ ላይ የ75 ሳንቲም ጉድለት አገኘ። ሌላ ሰው ቢሆን ከኪሱ ሞልቶ ያልፈው ነበር። እርሱ ግን ተከታተለው፤ ጉድለቱም አንድ ሰርጎ ገብ በባዶ ሒሳብ መጠቀሙን አመለከተ። ለእኛ ጉዳይ አስደናቂው ክፍል ስቶል የተጠቀመበት የማዳመጥ ዘዴ ነው። በተወረረው ኮምፒዩተር ውስጥ የክትትል ፕሮግራም ቢያስቀምጥ ሰርጎ ገቡ ሊያየው ይችላል። ስለዚህ ከየቢሮው አታሚዎችንና የኮምፒዩተር መጻፊያዎችን ተውሶ ከውጭ በሚገቡት መስመሮች ላይ አገናኛቸው፤ በመስመሩ ያለፈው ፊደል ሁሉ በወረቀት ታተመ። አታሚው ይሰማል እንጂ አይናገርም። ከብዙ ወራት ክትትል በኋላ ዱካው በጊዜው ምዕራብ ጀርመን ወደነበረችው ሐኖቨር ከተማ አደረሰ።

ሦስተኛውም ከዚያው ነው። ቨርን ፓክስን እ.ኤ.አ. በ1995 በዚያ ቤተ ሙከራ መሥራት የጀመረውና እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ ዚክ የሚባለው ፕሮግራም፣ የመረብ ትራፊክ ቅጂ እየተሰጠው አጠራጣሪ ነገር ሲያይ የሚመዘግብ ጠባቂ ነው። ዚክም ሆነ መሰሎቹ አንድ ነገር ይሻሉ፤ ቅጂውን የሚያቀብላቸው።

ምን ዓይነት መስተዋት ነው?

ቅጂውን የሚያቀብለው የስዊቹ ችሎታ በባለሙያዎች ዘንድ ማንጸባረቅ ይባላል። ሲስኮ ስፓን የሚል ስም ሰጥቶታል። ስዊቹ ሁለት ነገር ይነገረዋል፦ ምንጩ የትኛው ፖርት ነው፣ መድረሻውስ የትኛው። ከዚያ በኋላ በምንጩ ፖርት የሚገባውና የሚወጣው ፍሬም ሁሉ መደበኛ ጉዞውን ሲቀጥል፣ አንድ ቅጂ ደግሞ ወደ መድረሻው ፖርት ይሄዳል። በመድረሻው ላይ የተሰካው ኮምፒዩተር ያደምጣል።

እንደ ፊዚክስ መምህራን በስሙ ላይ ጥቂት ቅሬታ አለን። መስተዋት የወደቀበትን ብርሃን ይመልሳል እንጂ ወደ ፊት አያሳልፍም። ግማሹን አሳልፎ ግማሹን የሚመልስ በከፊል የተለበጠ መስተዋት የተሻለ ምሳሌ ይሆን ነበር፤ እርሱም ግን ኃይሉን ይከፍላል፣ ሁለቱም ጨረሮች ይደክማሉ። ስዊች ምንም አይከፍልም። ፍሬሙን ተቀብሎ በማኅደረ ትውስታው ካስቀመጠ በኋላ ሁለት ጊዜ እንደ አዲስ ይጽፈዋል። ስለዚህ ሥራው ከመስተዋት ይልቅ ከቁም ጸሐፊ ጋር ይዛመዳል። ልዩነቱ የቃላት ብቻ አይደለም። ጸሐፊ የተበላሸ ገጽ አይገለብጥም፤ ስዊችም በጉዞ ላይ የተበላሸ፣ የስሕተት መቆጣጠሪያ ድምሩ ያልገጠመ ፍሬም ሲደርሰው ይጥለዋል፣ ቅጂውንም አይልክም። በመሆኑም ገመዱ ራሱ የታመመ እንደሆነ በዚህ መስተዋት ውስጥ ሕመሙ አይታይም። የጊዜ ልኬትም እንዲሁ ነው። ቅጂዎቹ በመድረሻው ፖርት ወረፋ ጠብቀው ስለሚወጡ በመካከላቸው የሚለካው የጊዜ ልዩነት በዋናው መስመር ላይ የነበረው አይደለም። 1,518 ባይት የሆነ ትልቅ ፍሬም በ1 ጊጋቢት መስመር ላይ 12 ማይክሮሰከንድ ያህል ይወስዳል፤ ከኋላው የቆመው ያንኑ ያህል ይዘገያል። የማይክሮሰከንድ ጥያቄ ያለው ተመራማሪ በዚህ ዘዴ ባይታመን እንመክራለን።

መንገዱን ማዘጋጀት

አሁን ወደ ርቀቱ እንምጣ። አንድ የዩኒቨርሲቲ ግቢ በዓይነ ሕሊናችን እንሳል። በግቢው አንድ ጫፍ የፊዚክስ ቤተ ሙከራ፣ በመካከሉ የቤተ መጻሕፍት ሕንፃ፣ በሌላው ጫፍ ዋናው የኮምፒዩተር ማዕከል አለ። ሦስቱም ስዊች አላቸው፤ ስዊቾቹ በፋይበር ኦፕቲክ ገመድ ተያይዘዋል። የቤተ ሙከራው የልኬት ኮምፒዩተር በየጥቂት ሰዓቱ ውሂብ ያጣል፤ ምክንያቱ አይታወቅም። የመመርመሪያው ኮምፒዩተር ያለው በማዕከሉ ነው። ባለሙያው መሣሪያውን ተሸክሞ በየሕንፃው እንዳይዞር ቅጂው ራሱ ወደ እርሱ ይምጣ።

ይህን የሚፈጽመው የርቀት ማንጸባረቅ፣ በሲስኮ አጠራር አርስፓን ነው። መሠረቱ ቪላን ነው። ቪላን ማለት በአንድ አካላዊ መረብ ላይ የሚሠራ ምናባዊ መረብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 በወጣው ዓለም አቀፍ ደረጃ መሠረት ፍሬሙ ላይ 4 ባይት መለያ ይጨመርበታል፣ ከዚህም 12 ቢቱ የቪላኑን ቁጥር ይይዛል። በ12 ቢት 4,096 ቁጥሮች ይጻፋሉ፤ ሁለቱ ለልዩ ጉዳይ ስለተያዙ 4,094 ይቀራሉ። በርቀት ማንጸባረቅ ከእነዚህ ቁጥሮች አንዱ፣ ለምሳሌ 900፣ ቅጂ ለማመላለስ ብቻ ይመደባል። ማንም ኮምፒዩተር በእርሱ ላይ አይቀመጥም።

አሠራሩ በሦስት ቦታ ይከናወናል። በቅድሚያ ቪላን 900 በመንገዱ ባሉት ስዊቾች ሁሉ፣ በመካከለኛው የቤተ መጻሕፍት ስዊች ጭምር፣ ይፈጠራል፤ በእያንዳንዱም ላይ «ሪሞት-ስፓን» በሚለው ትእዛዝ ልዩ ጠባዩ ይነገራል። መካከለኛውን መርሳት የተለመደ ችግር ነው፤ ሁለቱ ጫፎች በትክክል ተዋቅረው ሳለ ምንም ቅጂ ካልደረሰ መጀመሪያ የሚጠረጠረው መካከለኛው ነው። ቀጥሎ በቤተ ሙከራው ስዊች ላይ የማንጸባረቅ ክፍለ ጊዜ ይከፈታል፦ ምንጩ የልኬት ኮምፒዩተሩ ፖርት፣ አቅጣጫው ገቢና ወጪ፣ መድረሻው ግን ፖርት ሳይሆን ቪላን 900። በመጨረሻም በማዕከሉ ስዊች ላይ ተቃራኒው ይደረጋል፦ ምንጩ ቪላን 900፣ መድረሻው የመመርመሪያው ኮምፒዩተር የተሰካበት ፖርት። ትእዛዞቹ ጥቂት መስመሮች ናቸው፣ በአምስት ደቂቃ ይጻፋሉ። የሚያስቸግረው መጻፉ ሳይሆን የሚያስከትሉትን ማወቁ ነው።

በቪላን 900 ውስጥ ስዊች አድራሻ አይማርም። ሊማርም አይገባውም። ቅጂው የያዘው የላኪ አድራሻ የዋናው ላኪ ነውና፣ ስዊቹ ከቅጂው ቢማር ኮምፒዩተሩ በሌለበት አቅጣጫ ይፈልገው ነበር። ስለዚህ በዚህ ቪላን የሚገባ ፍሬም ሁሉ ቪላኑ በተፈቀደበት አገናኝ መስመር ሁሉ ይሰራጫል። የጥንቱ ኤተር ተመለሰ ማለት ነው፤ የዕድር ጥሩምባው እንደገና ተነፋ። በግቢው ሃያ ሕንፃዎች ቢኖሩና ቪላን 900 ወደ ሁሉም እንዲያልፍ ተፈቅዶ ከሆነ፣ የአንዲት ፖርት ቅጂ ሃያውንም ሕንፃዎች ይጎበኛል፤ የማንም ጆሮ ባይኖርም መስመሩን ይበላል። ከዚህ የተነሣ ቪላኑ ከምንጭ እስከ መድረሻ ባለው መንገድ ብቻ ተፈቅዶ በሌሎቹ መስመሮች ላይ መከልከሉን ማረጋገጥ ከሥራው ሁሉ ይቀድማል ብለን እናምናለን። አንዳንድ መመሪያዎች ይህን በመጨረሻ በማሳሰቢያ መልክ ያስቀምጡታል፤ ቦታው ግን መጀመሪያ ነበር።

ሌሎችም ትናንሽ ጠባዮች አሉ። መድረሻ የሆነው ፖርት መደበኛ ሥራውን ስለሚያቆም የመመርመሪያው ኮምፒዩተር ለራሱ ግንኙነት ሁለተኛ የመረብ ካርድ ያሻዋል። በብዙ ስዊቾች የቅጂ ማመላለሻው ቪላን ቁጥር የዋናውን ፍሬም የቪላን ቁጥር ስለሚተካ፣ ቅጂው ከየትኛው ቪላን እንደመጣ ማወቅ አይቻልም። ስዊቾች እርስ በርስ የሚለዋወጧቸው የቁጥጥር መልእክቶችም ብዙውን ጊዜ በርቀት አይንጸባረቁም። ምንጩ ፖርት ሳይሆን ሙሉ ቪላን ከሆነ ደግሞ አንድ ፍሬም ሲገባ አንድ ጊዜ፣ ሲወጣ ሌላ ጊዜ ይገለበጥና ሁለት ሆኖ ይታያል፤ ጀማሪ ተመራማሪ መረቡ መልእክት የሚደግም ይመስለዋል።

አማካይ የሚያታልልበት ቦታ

የ1 ጊጋቢት ፖርት በገቢው 1 ጊጋቢት፣ በወጪውም 1 ጊጋቢት በሰከንድ በአንድ ጊዜ ያስተናግዳል። ሁለቱም አቅጣጫ ሲንጸባረቅ ቅጂው እስከ 2 ጊጋቢት ይደርሳል፤ መድረሻው ፖርት ግን ማውጣት የሚችለው 1 ብቻ ነው። የተረፈው ይጣላል። ስዊቹ ለዋናው ትራፊክ ቅድሚያ መስጠቱ ትክክል ነው፤ ሆኖም መርማሪው የጎደለው መልእክት በመረቡ ውስጥ የጠፋ ይሁን በመስተዋቱ የተጣለ መለየት ይቸግረዋል። የውሂብ መጥፋትን ሊመረምር መጥቶ ራሱ የፈጠረውን መጥፋት ይመረምራል።

«የእኛ መስመር በአማካይ ሦስት አሥረኛ ብቻ ነው የሚያዘው፣ ስለዚህ አያሰጋንም» የሚል መልስ ይሰማል። ይህን መልስ ያፈረሰው እጅግ ውብ የሆነ የልኬት ሥራ ስለሆነ ጥቂት ልንቆይበት ይገባል። ዊል ሊላንድ፣ ሙራድ ታቁ፣ ዋልተር ዊሊንገርና ዳንኤል ዊልሰን እ.ኤ.አ. ከ1989 እስከ 1992 በአሜሪካው ቤልኮር የምርምር ተቋም የኢተርኔት መረብ ላይ የተሰበሰቡ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ እሽጎችን፣ እያንዳንዱ ያለፈበት ቅጽበት በጥንቃቄ ተመዝግቦ፣ ተነተኑ። እስከዚያ ድረስ መሐንዲሶች ትራፊክን ለስልክ ጥሪ በተሠራው በፖይሰን ሕግ ይተነትኑት ነበር። በፖይሰን ሕግ መሠረት ረዘም ያለ ጊዜ ወስደን አማካይ ስንሠራ መዋዠቁ ይለሰልሳል፤ በአንድ መቶኛ ሰከንድ የሚዋዥቀው በመቶ ሰከንድ ሲታይ ጠፍጣፋ ይሆናል። የቤልኮር ትራፊክ ግን አልለሰለሰም። በመቶኛ ሰከንድ፣ በሰከንድ፣ በመቶ ሰከንድ ሚዛን የተሳሉት ሥዕሎች ሁሉ ያው ጉብታና ሸለቆ ይታይባቸዋል፤ ሚዛኑ ካልተጻፈበት አንዱን ከሌላው መለየት ያስቸግራል። በሒሳብ ቋንቋ ትራፊኩ ራሱን መሳይ ነው፤ ተራራን ከሩቅም ከቅርብም ስናየው ሸካራ እንደሆነው ማለት ነው። ሃሮልድ ኸርስት የዓባይን ወንዝ የብዙ ዘመናት የውኃ መጠን መዝገብ ሲያጠና ያገኘውና በስሙ የሚጠራው መለኪያ በዚህ የኮምፒዩተር ጥናት ውስጥ ዋና መሣሪያ ሆኖ ማገልገሉን ስናነብ እንደ ዓባይ ልጆች ደስ መሰኘታችን አልቀረም። ውጤቱ ለኛ ጉዳይ ግልጽ ነው። ሦስት አሥረኛ አማካይ ያለው መስመር ለብዙ ሰከንዶች በሙሉ አቅሙ ሊጎርፍ ይችላል፤ መስተዋቱም የሚጥለው በትክክል በዚያ ሰዓት፣ ምናልባትም የምንፈልገው ነገር በሚፈጸምበት ሰዓት ነው።

መድኃኒቱ ምንጩን ማጥበብ ነው። ገቢውን ብቻ ወይም ወጪውን ብቻ ማንጸባረቅ፣ የሚመረመረውን አንድ ፖርት መምረጥ፣ ስዊቹ የሚፈቅድ ከሆነ በማጣሪያ የሚፈለገውን ዓይነት ብቻ መገልበጥ። የመመዝገቢያው ዲስክም ይታሰብ፤ የሞላ የ1 ጊጋቢት መስመር በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሰዓት 450 ጊጋባይት ይሰጣል። ሌላው ጥንቃቄ የሚያሻው ነገር የቅጂ ቅጂ ነው። በርቀት ተገናኝቶ ቲሲፒደምፕን የሚያስኬድ ሰው ይህን በቀላሉ ያየዋል፤ የሚታየው እያንዳንዱ መስመር ወደ እርሱ ሲላክ ራሱ አዲስ እሽግ ይሆናል፣ ያም ተቀድቶ ይላካል፣ እንዲያ እያለ ማይክሮፎን ድምፅ ማጉያ ፊት ሲቆም እንደሚጮኸው ይጮኻል። የራስን ግንኙነት ከልኬቱ ማስወጣት የግድ ነው።

መንገዱ ራውተር የሚያቋርጥ ከሆነ፣ ለምሳሌ መርማሪው በሌላ ከተማ ካለ፣ ቪላን አያደርስም። ያኔ እያንዳንዱ ፍሬም በሌላ የኢንተርኔት እሽግ ውስጥ ተጠቅልሎ ይላካል፤ ዘዴው ኢአርስፓን ይባላል። በተለመደው ዓይነት መጠቅለያው 50 ባይት ስለሚጨምር ከመጀመሪያውም ሙሉ የነበረው ፍሬም ከመደበኛው ልክ ያልፋል። በመንገዱ ሁሉ የእሽጉን ልክ ማሳደግ ወይም ቅጂውን መቁረጥ ያስፈልጋል። የርቀት መስመር በውድ ዋጋ በሚገዛበት አገር ይህን ዘዴ ለአጭር ጊዜና ለጠባብ ምንጭ ካልሆነ አንመክረውም።

የተሟላ ልኬት ለሚሻ ደግሞ ስዊቹን ትቶ ገመዱን ራሱ መክፈል ይቻላል። በፋይበሩ መካከል የሚገባ የብርሃን መክፈያ ኤሌክትሪክ አይሻም፣ አይወስንም፣ የተበላሸውንም ያልተበላሸውንም እኩል ያሳልፋል። ዋጋው የብርሃን ኃይል ነው፤ እኩል ሲከፈል እያንዳንዱ ወገን 3 ዴሲቤል ያህል ያጣል። ይህ እውነተኛው በከፊል የተለበጠ መስተዋት ነው። እንዲህ ያለው መክፈል የሚቻለው እያንዳንዱ ቢት እጅግ ብዙ ፎቶኖች ስላሉት መሆኑን ልብ ይሏል። ቢቱ በአንድ ፎቶን ላይ ቢጻፍ ኖሮ፣ ዉተርስና ዙሬክ፣ ለብቻውም ዲክስ፣ እ.ኤ.አ. በ1982 እንዳረጋገጡት ያልታወቀ የኳንተም ሁኔታን ሳያዛቡ መቅዳት አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ1984 የቀረበው የኳንተም ምስጢራዊ ቁልፍ የተመሠረተው በዚሁ ላይ ነው፤ አድማጩ ዱካውን ትቶ ይሄዳል።

ማን ያድምጥ?

በስዊች መስተዋት ግን አድማጭ ዱካ አይተውም። ተነጋጋሪዎቹ ኮምፒዩተሮች የሚያዩት ለውጥ የለም፤ ስቶል የወደደው ጠባይ ይኸው ነበር። ያው ጠባይ በሌላ እጅ ሲገባ ምን እንደሚሆን ማርክ ክላይን የተባለ የኤቲ ኤንድ ቲ የቀድሞ ቴክኒሻን እ.ኤ.አ. በ2006 ለሕዝብ ገለጸ። እንደ ምስክርነቱ፣ በሳን ፍራንሲስኮ በአንድ የኩባንያው ሕንፃ የኢንተርኔት ፋይበሮች በብርሃን መክፈያ ተከፍለው ቅጂው 641ኤ ወደተባለ የተዘጋ ክፍል ይገባ ነበር። የኢንተርኔትን ደረጃዎች የሚያወጣው የመሐንዲሶች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2000 የስልክ ጠለፋን የሚያመቻች ነገር በደረጃዎቹ ውስጥ እንደማያስገባ አስታውቆ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ የጅምላ ክትትልን እንደ ጥቃት እንደሚቆጥረው በሰነድ አጸና።

የዛሬው ትራፊክ አብዛኛው የተመሰጠረ ስለሆነ የመስተዋቱ አደጋ ቀንሷል የሚሉ አሉ። በከፊል እውነት ነው፤ የደብዳቤው ውስጥ አይነበብም። ፖስታው ግን ይነበባል፦ ማን ለማን፣ መቼ፣ በምን ያህል መጠን። አንድ ተማሪ በሌሊት ከየትኛው የሕክምና ድረ ገጽ ጋር እንደተገናኘ ለማወቅ ውስጡን መክፈት አያስፈልግም። በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 26 በስልክና በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚደረግ ግንኙነት ጥበቃ ተሰጥቶታል፤ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ መጥለፍን ወንጀል አድርጎታል፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል። እነዚህ ድንጋጌዎች ለጸጥታ ጉዳይ ብቻ የተጻፉ የሚመስለው የዩኒቨርሲቲ ባለሙያ ይኖራል፤ በስዊቹ ላይ አምስት መስመር የሚጽፈው እጅ የእርሱ ስለሆነ እርሱንም ይመለከቱታል። በእኛ አስተያየት ከትእዛዙ በፊት ሦስት ነገር በወረቀት መስፈር አለበት፤ የትኛው ፖርት፣ ለምን ምክንያት፣ እስከ መቼ። የፖርቱ ባለቤት፣ በምሳሌያችን የፊዚክስ ቤተ ሙከራው፣ ይህን ወረቀት አንብቦ መፈረም አለበት። የተቀዳው መዝገብ የት እንደሚቀመጥና ማን እንደሚከፍተውም እንዲሁ።

ከሦስቱ «እስከ መቼ» የሚለው በቀላሉ የሚታለፈው ነው። ችግሩ ሲገኝ ሁሉም ደስ ብሎት ይበተናል። የማንጸባረቅ ክፍለ ጊዜው ግን በስዊቹ ቋሚ ማኅደር ከተመዘገበ መብራት ጠፍቶ ሲመጣም አብሮ ይነሣል፤ ምንም አያንኳኳም፣ ምንም አያበራም። የመመርመሪያው ኮምፒዩተር ተነቅሎ በቦታው ሌላ ሰው ኮምፒዩተሩን ቢሰካ የቤተ ሙከራው ትራፊክ ሳይጠይቅ ይደርሰዋል። ስለዚህ ሥራው ሲያበቃ ክፍለ ጊዜው በሁለቱም ጫፍ ይሰረዛል፣ ቪላን 900 ከሦስቱም ስዊቾች ይነሣል፣ ውቅሩ እንደገና ይመዘገባል፣ ወረቀቱም ላይ የተዘጋበት ቀን ይጻፋል።